የቋንቋ ምልክቱ የት ይሁን? አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀያየሩ በኮምፒውተር ለሚጽፉ የንጽጽር መመሪያ

ከሰዓቱ ጎን፣ በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ የነበረው የቋንቋ ምልክት አንድ ቀን ድንገት ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ የመስኮቱን መዝጊያ ኤክስ ሸፍኖ ይቀመጣል። ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጠው ሰው አማርኛ ላይ ይሁን እንግሊዝኛ ላይ ሳያውቅ ግማሽ መስመር ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል። ቫይረስ ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ወስዶ ፎርማት የሚያስደርግ፣ በዚያው ፋይሉን የሚያጣ ሰው መኖሩ ያሳዝናል፤ ለዚህ ችግር ፎርማት አያስፈልግምና። ሥራው ያለው ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ግራ የሚያጋባው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ምልክት አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። አሮጌው «ላንጉዌጅ ባር» ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። አዲሱ «ኢንፑት ኢንዲኬተር» የመጣው በዊንዶውስ 8 ነው። ሁለቱም እስከ ዛሬ በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ አብረው አሉ፤ አሮጌው ሲበራ አዲሱ ቦታውን ይለቃል። በዚህ ላይ ኪይማን ወይም ፓወር ግዕዝ የሚባል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከተጫነ ሦስተኛ ምልክት ይጨመራል። ስለዚህ «ምልክቴ ከቦታው ጠፋ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ምልክት?» የሚለው ነው። የትኛውን መጠቀም እንደሚሻል ከወሰኑ በኋላ ቦታውን ማስተካከል ቀላል ነው።

ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ፍተሻ

አንደኛ፣ የዊንዶውስን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ስፔስን አንዴ ይጫኑ። በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ኪቦርዶች ዝርዝር ብቅ ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ብቻ ካለ ምልክቱ አልጠፋም፤ የሚቀያየር ነገር ስለሌለ ዊንዶውስ ሊያሳየው አይፈልግም። አማርኛን ለመጨመር «ሴቲንግስ»፣ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን»፣ «አድ ኤ ላንጉዌጅ» ብለው «አማርኛ»ን ይምረጡ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ «ላንጉዌጅ ፓክ» የሚለውንና «የዊንዶውስ ማሳያ ቋንቋ አድርግ» የሚለውን ምርጫ ያንሱት። ለመጻፍ ብቻ ከሆነ ሁለቱም አያስፈልጉም፤ ሲያነሷቸው የኢንተርኔት ዳታ ይቆጥባሉ፣ ሜኑውም ሳያስቡት ወደ አማርኛ አይዞርም።

ሁለተኛ፣ ኖትፓድ ከፍተው ጥቂት ፊደል ይጻፉና ምልክቱ የሚለውና ስክሪኑ ላይ የወጣው ፊደል መስማማታቸውን ይመልከቱ። ከተስማሙ ያለብዎት ችግር የቦታ ብቻ ነው። ካልተስማሙ ግን ምልክቱን ከጥግ ጥግ ማዛወር አይፈይድም፤ ወደ ታች «ምልክቱ ሲዋሽ» ወደሚለው ክፍል ይለፉ።

በምን እንመዝናቸው?

ትልቁ መመዘኛ እውነተኝነት ነው፦ ምልክቱ «እንግሊዝኛ» ሲል በእርግጥ የሚወጣው እንግሊዝኛ ነው? ይህን የማያሟላ ምልክት የትም ቢቀመጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከዚያ ቀጥሎ ዓይን ይይዘዋል ወይ የሚለው ይመጣል፤ ሲጽፉ ዓይንዎ ያለው ጠቋሚው ላይ ነው፣ ምልክቱ ያለው ደግሞ ሌላ ጥግ ነው። ሦስተኛው፣ ሌላ ነገር ይሸፍናል ወይ? አራተኛው፣ ፕሮጀክተር ሲሰካና ሲነቀል፣ ኮምፒውተሩ አፕዴት ሲያደርግ፣ ልጆች ሲነካኩት ቦታውን ቢለቅ መመለሱ ይከብዳል ወይ? የመጨረሻው ወጪ ነው። ከዚህ በታች ካሉት አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጊዜና ትንሽ ዳታ ነው።

አንድ፦ ታስክባሩ ላይ ያለው አዲሱ ምልክት

ይህ በታስክባሩ፣ ማለትም ሰዓቱ ባለበት የስክሪኑ ጠርዝ መስመር፣ ከሰዓቱ ጎን በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል «ኢኤንጂ» ብሎ የሚታየው ነው። ሁለት የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ካለ ከሥሩ «ዩኤስ» ወይም «ዩኬ» ይጨምራል። ሲነኩት ዝርዝሩን ይከፍታል። ምንም ነገር አይሸፍንም፤ የሚያሳየውም ዊንዶውስ ራሱ የሚያውቀውን ስለሆነ የዊንዶውስን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ እስከተጠቀሙ ድረስ አይዋሽም። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ይህ ነው፤ ሌላውን መምረጥ ያለብዎት የተለየ ምክንያት ካለዎት ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ትንሽ ናት፤ ከሩቅ የማይታያቸው ሰዎች ፊደሉን ለመለየት ይቸገራሉ። ሁለት ስክሪን ለሚጠቀም ደግሞ ምልክቱ የሚታየው በዋናው ስክሪን ታስክባር ላይ ብቻ ነው። ታስክባሩ ራሱን እንዲደብቅ ከተደረገም አብሮ ይደበቃል።

ጠፍቶ ከሆነ የሚመለሰው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ «ታይፒንግ»፣ «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ። እዚያ «ዩዝ ዘ ዴስክቶፕ ላንጉዌጅ ባር ዌን ኢትስ አቬይለብል» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ያንሱት፤ አሮጌው ባር ይጠፋና አዲሱ ወደ ጥጉ ይመለሳል። በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ ሳጥኑ በርቷል፣ አሮጌው ባር ደግሞ «ሂደን» ተብሎ ተደብቋል፤ ስለዚህ አሮጌውም አዲሱም አይታይም። ዊንዶውስ 10 ላይ ይህንኑ ካደረጉ በኋላ «ፐርሰናላይዜሽን»፣ «ታስክባር»፣ «ተርን ሲስተም አይከንስ ኦን ኦር ኦፍ» ውስጥ «ኢንፑት ኢንዲኬተር» መብራቱንም ያረጋግጡ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የማይክሮሶፍት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ ቢሮና ቤት ግን ገና እየሠራ ስለሆነ ሁለቱንም መንገድ ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለት፦ ተንሳፋፊው ላንጉዌጅ ባር

ቅርብ ሆነው ሲያዩት ቁመቱ ከአንድ የጽሑፍ መስመር ብዙም የማይበልጥ ጠባብ ሳጥን ነው። በግራ ጫፉ በአንድ ዓምድ የተደረደሩ ነጥቦች አሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ የቋንቋው ስም፣ ከዚያ የኪቦርድ ሥዕል፣ በቀኝ ጫፉ ደግሞ አንዱ ከአንዱ በላይ የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን ምልክቶች። የላይኛዋ አጭር ሰረዝ ባሩን ወደ ታስክባር ታወርደዋለች። የታችኛዋ ቀስት ምርጫዎችን ትከፍታለች። ማውስ እነዚያ ነጥቦች ላይ ሲደርስ ቅርጹ ወደ አራት አቅጣጫ ቀስት ይለወጣል፤ ያኔ ይዘው ይጎትቱት። ባሩን መሀሉን ይዞ ለመጎተት የሚታገል ሰው ቋንቋውን ደጋግሞ ይቀይራል እንጂ ባሩ ንቅንቅ አይልም። «አልንቀሳቀስ አለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ከሁሉም መስኮት በላይ ስለሚንሳፈፍ ዓይንዎ ወዳለበት ያቀርቡታል። በአንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው ተራ በተራ በሚጽፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ማንም መጥቶ ሲቀመጥ የትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ ወዲያው ያያል።

ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ሲበራ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በቀኝ ላይኛው ጥግ ነው፤ እዚያ ደግሞ የማሳነሻ፣ የማሳደጊያና የመዝጊያ ቁልፎች አሉ። ዎርድን ለመዝጋት ኤክስን ሲፈልጉ ባሩን ይጫኑና ቋንቋው ይቀየራል፤ ፋይሉም አይዘጋም። ሁለተኛ ስክሪን ወይም ፕሮጀክተር ሲነቀል፣ ወይም የስክሪኑ ሬዞሉሽን ሲለወጥ፣ ባሩ ባልጠበቁት ቦታ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ከመረጡ የሚበራው ቀደም ሲል በጠቀስነው ሳጥን ነው፤ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ከሥሩ ያለውን «ላንጉዌጅ ባር ኦፕሽንስ» ይጫኑና «ፍሎቲንግ ኦን ዴስክቶፕ» የሚለውን ይምረጡ። በዚያው መስኮት «ሾው ዘ ላንጉዌጅ ባር አዝ ትራንስፓረንት ዌን ኢንአክቲቭ» የሚል አለ፤ ይህን ካበሩት ባሩ ሳይነካ ሲቆይ ከሥሩ ያለውን ነገር በከፊል ያሳያል። «ሾው ቴክስት ሌብልስ» ደግሞ የቋንቋውን ስም በጽሑፍ ያወጣዋል፤ ከሩቅ ለማየት ለሚቸገሩ ይብራ። ለዎርድ የሚስማማው ቦታ በመስኮቱ ታችኛው መስመር፣ በገጽ ቁጥሩና በማጉያው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። እዚያ የሚሸፍነው ነገር የለም።

የት እንደገባ ካጡት አይፈልጉት። «ላንጉዌጅ ባር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዶክድ ኢን ዘ ታስክባር» ይምረጡና «አፕላይ» ይበሉ፤ ከዚያ እንደገና ወደ «ፍሎቲንግ» ይመልሱት። ያኔ በሚታይ ቦታ ይወጣል።

ሦስት፦ ታስክባር ውስጥ የተሰካው አሮጌ ባር

ያው ላንጉዌጅ ባር ሆኖ «ዶክድ ኢን ዘ ታስክባር» ሲደረግ ነው። ምንም አይሸፍንም፤ ነገር ግን ከአዲሱ ምልክት የሚሻልበት ብዙ ነገር የለውም። የሚጠቅመው የሚጠቀሙበት ኪቦርድ የራሱ ተጨማሪ አዝራሮች ካሉትና «ሾው አዲሽናል ላንጉዌጅ ባር አይከንስ» በሚለው ሊያወጧቸው ከፈለጉ ነው። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው ወደ አንደኛው ይመለስ።

አራት፦ ምልክቱን ደብቆ በቁልፍ መሥራት

ሳያዩ በፍጥነት የሚጽፉ ሰዎች ምልክት አይሹም። በዊንዶውስ 11 ላይ ለመደበቅ ቀላሉ መንገድ አሮጌውን ባር አብርቶ «ሂደን» ማድረግ ነው፤ ከላይ ስህተት ያልነው ነገር እዚህ መፍትሔ ይሆናል። ቋንቋውን ማወቅ ሲፈልጉ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው ስፔስን ይጫኑ፤ ዝርዝሩ ወጥቶ ያለበትን ያሳያል።

የመቀየሪያ ቁልፎቹን ግን በደንብ መለየት ያስፈልጋል። የግራ አልት ከሺፍት ጋር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ያሻግራል። ኮንትሮል ከሺፍት ጋር በአንድ ቋንቋ ውስጥ ካሉ ኪቦርዶች አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል። ሁለቱም በሌሎች ሥራዎች ውስጥ ይገባሉ፤ ዎርድ ላይ አልትና ሺፍት ይዘው ቀስት ሲጫኑ የርዕስ ደረጃ ይቀየራል፣ ብራውዘር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ የተዘጋ ገጽ ይከፍታል። ጣት ሦስተኛውን ቁልፍ ሲስት ቋንቋው ሳይታወቅ ይቀየራል። ይህ የሚያስቸግርዎ ከሆነ «ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪይስ» ውስጥ ገብተው ሁለቱንም «ኖት አሳይንድ» ያድርጓቸውና የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስን ብቻ ይጠቀሙ።

በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ለሚኖሩ አማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዕብራይስጥ ወይም ዓረብኛ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ኮንትሮል ከቀኝ ሺፍት ጋር አንቀጹን ከቀኝ ወደ ግራ ያዞረዋል፣ ኮንትሮል ከግራ ሺፍት ጋር ይመልሰዋል። የአማርኛው መስመር በድንገት ወደ ቀኝ ጠርዝ ከተለጠፈና አራት ነጥቡ በግራ ከወጣ የተበላሸ ነገር የለም፤ ቀኝ ሺፍት ተነክቷል ማለት ነው። ሦስት ቋንቋ ለሚጠቀም ደግሞ በአልትና ሺፍት መዞር ያደክማል፤ በዚያው «ሆት ኪይስ» መስኮት ለእያንዳንዱ ቋንቋ የግራ አልት፣ ሺፍትና አንድ ቁጥር ይመድቡለት፤ ለምሳሌ 1 ለአማርኛ፣ 2 ለእንግሊዝኛ፣ 3 ለዕብራይስጥ። ያኔ የት እንዳሉ ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ የሚሄዱበትን ብቻ ይጫናሉ።

አምስት፦ የራሱን ምልክት ይዞ የሚመጣ ፕሮግራም

ኪይማንና ፓወር ግዕዝ ሁለቱም ብዙ ሰው የለመዳቸው ናቸው፤ በምልክት በኩል ግን አይመሳሰሉም።

ኪይማን ነጻ ነው። ሲጫን የአማርኛውን ኪቦርድ ራሱ በዊንዶውስ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፤ ስለዚህ የዊንዶውስም ምልክት የኪይማንም ምልክት አብረው ይሠራሉ። የኪይማን አይከን የሚሰወረው ከሰዓቱ ጎን ካለችው ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ሥር ነው። ቀስቷን ከፍተው አይከኑን ወደ ታስክባሩ ጎትተው ያውጡት። ዊንዶውስ 11 ላይ «ፐርሰናላይዜሽን»፣ «ታስክባር»፣ «አዘር ሲስተም ትሬይ አይከንስ» ውስጥ ኪይማንን ቢያበሩም ያው ነው።

ችግር የሚፈጠረው የዊንዶውስ «አምሃሪክ ኢንፑት ሜተድ» እና የኪይማን አማርኛ ሁለቱም ሲቀመጡ ነው። ምልክቱ በሁለቱም ላይ «አማርኛ» ይላል፤ አጻጻፋቸው ግን በሁሉም ፊደል አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱን ያስወግዱ፦ «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን»፣ ከአማርኛ ጎን ያሉት ሦስት ነጥቦች፣ «ላንጉዌጅ ኦፕሽንስ»፣ «ኪቦርድስ»፣ ከማይፈልጉት ጎን «ሪሙቭ»።

ፓወር ግዕዝ ከዊንዶውስ የቋንቋ ዝርዝር ውጭ የሚሠራ ነው። አማርኛ እየጻፉበት የዊንዶውሱ ምልክት «ኢኤንጂ» ይላል፤ ለዊንዶውስ እንግሊዝኛ ነውና። ስለዚህ ማየት ያለብዎት የፕሮግራሙን የራሱን አይከን ነው። እሱ ሲሠራ የዊንዶውሱ ቋንቋ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ላይ ይቆይ። ሁለቱም አማርኛ ላይ ከሆኑ አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ እየተተረጎመ ፊደሉ ይምታታል። ዩኒኮድ (ፊደላት በየመሣሪያው አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ የሚያደርግ የጋራ ደረጃ) ያልሆኑ የድሮ ፎንቶች የሚጠይቅ የቆየ ሰነድ ከሌለብዎት በስተቀር ለአዲስ ሥራ ዩኒኮድ ይምረጡ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ በዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ስልክ ላይም ኢሜይል ላይም ያው አማርኛ ሆኖ ይነበባል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | እውነተኝነት | ዓይን መያዝ | ሌላ መሸፈን | ሲጠፋ መመለስ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲሱ ምልክት ታስክባር ላይ | ጥሩ፣ በዊንዶውስ ኪቦርድ | መካከለኛ | የለም | ቀላል | ነጻ |
| ተንሳፋፊ ባር | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አለ | ቀላል፣ ግን ተደጋጋሚ | ነጻ |
| የተሰካ አሮጌ ባር | ጥሩ | መካከለኛ | የለም | ቀላል | ነጻ |
| ተደብቆ በቁልፍ | ሲጠይቁት ብቻ | የለም | የለም | የሚጠፋ የለም | ነጻ፣ ልምምድ ይጠይቃል |
| ኪይማን | ጥሩ፣ አንድ አማርኛ ብቻ ካለ | መካከለኛ | የለም | ቀላል | ነጻ፣ ማውረጃ ዳታ |
| ፓወር ግዕዝ | በራሱ አይከን ብቻ | መካከለኛ | የለም | ፕሮግራሙን እንደገና መክፈት | የሚሸጥ ፕሮግራም |

ምልክቱ ሲዋሽ

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ የሚያድሩበትም ችግር ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ምልክቱ እንግሊዝኛ ብሎ ፊደሉም እንግሊዝኛ ሆኖ፣ ሺፍትና 2 ሲጫኑ ኢሜይል ላይ የሚገባው «አት» መውጣት ሲገባው የጥቅስ ምልክት ከወጣ፣ ያሉት በእንግሊዝ አገር ኪቦርድ ላይ ነው። ከ«ኢኤንጂ» ሥር ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ፤ «ዩኬ» ይላል። ከዝርዝሩ «ዩኤስ»ን ይምረጡና ሌላውን ያስወግዱ።

አንዳንዴ ግን ያ ተጨማሪ ኪቦርድ በምልክቱ ዝርዝር ውስጥ ይታያል፣ ሴቲንግ ውስጥ ሲፈልጉት ደግሞ የለም። እንዲህ ያለውን ለማጥፋት መጀመሪያ ራሱኑ ኪቦርድ ሆን ብለው ይጨምሩት፣ ከዚያ ያስወግዱት። ከሪስታርት በኋላ ከተመለሰ ምንጩ የመግቢያው ስክሪን ነው፤ «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን» ውስጥ «አድሚኒስትሬቲቭ ላንጉዌጅ ሴቲንግስ»፣ «ኮፒ ሴቲንግስ» ብለው «ዌልካም ስክሪን» በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ይህ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል። በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚገባ ሰውም የራሱን ኪቦርድ ይዞ ስለሚሄድ በዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ያላስገቡት ኪቦርድ ብቅ ሊል ይችላል።

ቋንቋው ከመስኮት መስኮት ሲሻገሩ በራሱ ከተቀየረ «ሌት ሚ ዩዝ ኤ ዲፈረንት ኢንፑት ሜተድ ፎር ኢች አፕ ዊንዶው» የሚለው በርቷል። በአንድ መስኮት አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ተርጓሚ ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ለሌላው ይዘጋ። ዎርድ ውስጥ ብቻ የሚቀየር ከሆነ ጥፋቱ የዎርድ ነው፦ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ «አውቶማቲካሊ ስዊች ኪቦርድ» በሚል የሚጀምረውን ያንሱት። ጠቋሚውን በአማርኛ ቃል ላይ ሲያሳርፉ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ የሚወስደው እሱ ነው።

ምልክቱ ጠፍቶ አማርኛውም መጻፍ ካቆመ፣ በስታርት ፍለጋ ሳጥን ውስጥም መጻፍ ካልቻሉ፣ ከጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም ቆሟል። የዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ «ቴብል ቴክስት ሰርቪስ» በሚባል አሠራር ላይ የቆመ ስለሆነ ያለዚህ ፕሮግራም አይንቀሳቀስም። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አብረው ይጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን በእንግሊዝኛ ፊደላት ሲ፣ ቲ፣ ኤፍ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኤን ብለው ሳይነጣጥሉ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ከተመለሰ ምርመራው ትክክል ነው። በየሪስታርቱ የሚጠፋ ከሆነ «ታስክ ስኬጁለር» ከፍተው በ«ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ቴክስት ሰርቪስስ ፍሬምወርክ» ሥር ያለውን ሥራ ያግኙ፤ «ዲሴብልድ» ከሆነ ራይት ክሊክ አድርገው «ኢኔብል» ይበሉ። ኮምፒውተር «ያፈጥናሉ» የሚባሉ የማጽጃ ፕሮግራሞች ይህን ሥራ ሊያጠፉ ስለሚችሉ እነሱን ማስወገድም ይገባል።

ለማን የትኛው?

ቤት ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ አልፎ አልፎ አማርኛ ለሚጽፍ፦ የዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድና አዲሱ ምልክት ይበቃሉ። ምንም አይጫን፣ ምንም አይከፈል።

ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ጸሐፊ ወይም ጋዜጠኛ፦ ኪይማን፣ አንድ አማርኛ ብቻ፣ አይከኑ ከቀስቷ ሥር ወጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተመደበ ቁልፍ። የመጀመሪያው ሳምንት ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ ምልክቱን መፈለግ ይቀራል።

ለጋራ ኮምፒውተርና ለዓይን ደካማ፦ ተንሳፋፊው ባር ከነጽሑፉ፣ በታችኛው መስመር መሀል። ብዙ ሰው የሚነካው ስለሆነ አልትና ሺፍትን «ኖት አሳይንድ» ማድረግን አይርሱ፤ መቀየሪያው ማውስ ብቻ ይሁን።

ማክ ለሚጠቀም ነገሩ ቀላል ነው፤ «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «ኪቦርድ»፣ «ኢንፑት ሶርስስ» ውስጥ «ሾው ኢንፑት ሜኑ ኢን ሜኑ ባር» ይብራ፤ አይከኑ ደግሞ ኮማንድን ይዘው ሲጎትቱት በላይኛው መስመር ቦታ ይቀይራል። ሊነክስ ላይ ግኖምን የሚጠቀም ሁለት ኪቦርድ ሲያስገባ ምልክቱ በላይኛው መስመር በራሱ ይወጣል።

የመረጡትን ካስተካከሉ በኋላ ኮምፒውተሩን አንዴ ሪስታርት ያድርጉት። የይለፍ ቃል መጻፊያው ስክሪን ላይ በቀኝ ታችኛው ጥግ ያለውን ምልክት ያንብቡ፤ እንግሊዝኛ መሆኑን ካረጋገጡ ይግቡና ኖትፓድ ከፍተው «ሰላም» ብለው ይጻፉ፣ ቋንቋውን ቀይረው በእንግሊዝኛ ስምዎን ይጻፉ። ሁለቱም ጊዜ ምልክቱ ከፊደሉ ጋር ከተስማማ ሴቲንጉን ይዝጉት።